የኮምላን ዓይን ማን አጠፋው

የኮምላ ቀኝ ዓይን በራሱ ጊዜ ነው የጠፋው ብሎ የሚከራከር ሰው ቢመጣ፣ ያዋ ዞኮቶ መጀመሪያ የምትጠረጥረው ያንኑ ሰው ነበር። ማን እንዳጠፋው ታውቃለች። ኮምላ ወንድሟ ነው፤ ዓይኑ ሲጨልም አጠገቡ ነበረች፤ ጠርሙሱንም ያገኘችው እሷ ናት።

ያዋ ከአክራ በስተ ምሥራቅ ባለችው በኬታ ከተማ፣ በባሕሩና በሐይቁ መሃል ተጋድማ ባለችው ቀጭን መሬት ላይ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ጨሌ እየሰካች የምትኖር የሃምሳ ሰባት ዓመት ሴት ናት። እሷና ታላቅ ወንድሟ ኮምላ ከአባታቸው የወረሱት ቅርቡን እንጂ ሩቁን የማያይ ዓይን ነው። መነጽራቸው የጠርሙስ ቂጥ ያህል ይወፍራል። ያዋ መነጽሯን አውልቃ ክሩን አፍንጫዋ ድረስ ስታስጠጋ ግን ከሰሊጥ የማትበልጥ ጨሌ እንኳ ቀዳዳዋ ወለል ብሎ ይታያታል። የኬታ ልጃገረዶች ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ጨሌ እሷ ካልሰካችው ጨሌ አይባልም ነበር። ኮምላ መረብ ጠጋኝ ነው። እሱም እንደ እሷ አፍንጫውን ሥራው ላይ ደፍቶ ይውላል።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የሐኪሞች ቡድን መጥቶ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰፍሮ፣ በሦስት ቀን የስንቱን ሰው የዓይን ሞራ ገፈፈ። ኮምላም ተሰልፎ ቀኝ ዓይኑን ተሠራ። በማግስቱ ጨርቁ ሲነሣለት ባሕሩ ላይ ያሉትን ጀልባዎች፣ ጎናቸው ላይ የተጻፈውን ስም እያነበበ፣ አንድ በአንድ ጠራቸው። ጠርቶ ሲጨርስ አለቀሰ። ሰባት ወር እንዲያ ሲያይ ኖረ። ከዚያ በዐሥር ቀን ውስጥ ዓይኑ ጨለመ፤ አልተመለሰም።

ጠብታ ስትጨምርለት የነበረችው ሚስቱ ሲጾፌ ናት። የመጀመሪያ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ከጎረቤቷ ከተማ ከአንሎጋ ያመጣት፣ ከያዋ ስምንት ዓመት የምታንስ፣ ሲናገሯት መሬት መሬት የምታይ ሴት ነበረች። ያዋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላመነቻትም። የወንድሟ ዓይን በጨለመ በሦስተኛው ቀን፣ ከውሃ ማድጋው ሥር፣ እርጥቡ አሸዋ ውስጥ የተቀበረች አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አገኘች። ጽሑፍ የላትም። ግማሽ ድረስ ፈሳሽ አለባት።

ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ቤተ ዘመዱን ሰበሰበች። የቤተሰቡ ሽማግሌ ቶግቢ ዳጋዱ ጠርሙሷን እያገላበጡ አይተው «እስቲ ተናገሪ» አሏት ሲጾፌን። ሲጾፌ ኮምላን አየችው። ኮምላ አንገቱን ደፋ። እሷም ምንም ሳትል ገብታ ልብሷን ሸከፈችና ወደ አንሎጋ ሄደች። ዝም ብላ መሄዷን ያዋ ጥፋቷን እንደ ማመን ቆጠረችው፤ ንጹሕ ሰው ይጮሃል እንጂ እንዲህ ይሄዳል?

አሁን ደግሞ የያዋ ተራ ደረሰ። መጀመሪያ አረንጓዴውን ጨሌ ሰማያዊ ነው ብላ ሰክታ አንዲት ሙሽራ መለሰችባት። ቀጥሎ የክሩ ጫፍ ጠፋት። መነጽር ብትቀይርም ጭጋጉ አልገፈፍ አለ። ልጇ አክፔኔ፣ አክራ የምትኖረው ነርስ ያልሆነችው ግን ሁሉን ነገር እንደ ነርስ የምታዝዘው ልጇ፣ መጥታ «ሞራ ነው እማ። ተነሺ» አለቻትና በሚኒባስ ወደ አክራ ወሰደቻት።

የዓይን ሆስፒታሉ ሐኪም ኤዴም አኮርሊ ይባላል። ሠላሳዎቹን ገና የጀመረ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ወጣት ነው። ዓይኗን በመሣሪያ ለካ፤ ሌላ መሣሪያ አምጥቶ እንደገና ለካ። ያዋ «ለምን ሁለት ጊዜ?» አለች በሆዷ። ከእሷ በፊት የገባችው ሴትዮ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተለካችው።

«ማማ ያዋ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ለምን ፈለግከው?»

«ሞራውን ስናወጣ በቦታው ሌንስ እናስገባለን። ሩቅ የሚያሳይ አለ፣ ቅርብ የሚያሳይ አለ። የቱ እንደሚጠቅምዎ ለማወቅ ነው።»

«ሩቅ ማየት የማይፈልግ ሰው አለ እንዴ?»

«ጨሌ ነው የምትሰካው» አለች አክፔኔ ከጎን።

«እንግዲያው ሩቁን ከሰጠንዎ ቅርቡን እንወስድብዎታለን ማለት ነው። ያስቡበት።»

እንወስድብዎታለን! ያዋ ቃሉን ያዘችው። ሐኪሙ ግን ወደ ሌላ ጥያቄ አልፏል። «ከቤተሰብ እንዲህ ሩቅ የማያይ ሌላ ሰው አለ? ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ዓይኑ የጠፋ ሰውስ?»

«ወንድሜ። ግን የእሱ በቀዶ ሕክምናው አይደለም። ሚስቱ ናት ያጠፋችው።»

አክፔኔ በክርኗ ጎሸመቻት። ሐኪሙ አልሳቀም። ወንበሩን ጠጋ አደረገና «ዓይኑ ከመጨለሙ በፊት» አለ፣ «እንደ ዝንብ፣ እንደ ጥላሸት ያለ ነገር ዓይኔ ውስጥ ይዋኛል አላለም? ደግሞ በጠርዝ በኩል መብረቅ ብልጭ ይልብኛል? ከዚያ ከአንድ ጎን እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ እየገፋ መጥቶ ሸፈነኝ?»

ያዋ ክው አለች። ጥላሸቱ፣ መብረቁ፣ መጋረጃው፣ ሁሉም ቃል በቃል ኮምላ የተናገረው ነው። እሷ ለማንም አላወራችም። በቤተ ዘመዱ ጉባኤ ላይ እንኳ አላነሣችውም፤ የተነሣው ጠርሙሱ ብቻ ነው። ይህ ልጅ ከየት ሰማ?

«ዘመዶችህ የየት አገር ሰዎች ናቸው?» አለችው።

«የእኔ? አንሎጋ።»

«ምን ይሠራሉ?»

«ሽንኩርት ያለማሉ፣ እንደ ሁሉም ሰው» አለ ፈገግ ብሎ። «ለምን ጠየቁኝ?»

የሲጾፌ ቤተሰብም አንሎጋ ነው። የሲጾፌ ቤተሰብም ሽንኩርት ነው የሚያለማው።  ያዋ ከዚያ በኋላ የተናገረውን ሁሉ የሰማችው እንደ ጠላት ቃል ነው። የዓይኗን ብሌን በጠብታ አስፍቶ፣ ራሱ ላይ መብራት አስሮ፣ ከጣት በማይበልጥ ብረት የዓይኗን ቆብ እየተጫነ ጠርዝ ጠርዙን ሲያይባት ጥርሷን ነክሳ ታገሠች።

«ይኸውልዎ» አለ ሲጨርስ። «የእርስዎ ዓይን ከሰው ሁሉ ዓይን ይረዝማል። ስለ ረዘመ ከኋላው ያለው ስስ ሽፋን ተለጥጧል። ሬቲና ይባላል፣ የሚያየው እሱ ነው። ሞራው ሲወጣ ዓይን ውስጥ ያለው ዝልግልግ ነገር ይናወጣል፣ ሽፋኑንም ይስበዋል። የሳሳ ቦታ ካለ ይቀደዳል። ከተቀደደ ውሃ ይገባበትና እንደ ግድግዳ ወረቀት ተላቆ ይወድቃል። የእርስዎ ሁለቱም ዓይን የሳሳ ቦታ አለው፤ ግራው ላይማ ሁለት ቀዳዳ አይቻለሁ። በዚያ ላይ ወንድምዎ ላይ ደርሷል። ስለዚህ ዛሬ ሞራውን አልነካም። በመጀመሪያ ዙሪያውን በሌዘር እንተኩሰዋለን፣ እንዲጣበቅ። አንድ ወር ቆይተን ሞራውን እናወጣለን።»

«ትተኩሰዋለህ? እሳት ዓይኔ ውስጥ?»

«ብርሃን ነው፣ ማማ። ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል።»

ያዋ ነጠላ ጨርቋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተነሣች። «አክፔኔ፣ እንሂድ።»

ኮሪደሩ ላይ ልጇ ተቆጣች። «እማ፣ ምን ነካሽ? ሰውየው እኮ እየረዳሽ ነው!»

«ከእኔ በፊት የገባችው ሴት ነገ ትሠራለች። እኔን አንድ ወር፤ በዚያ ላይ እሳት። ለምን? የአንሎጋ ልጅ ስለሆነ ነዋ። እሷ ናት የላከችው።»

«ማን?»

«ሲጾፌ!»

አክፔኔ ወደ ጣሪያው አንጋጣ «የአክራ ሐኪም ሁሉ የሲጾፌ ዘመድ ነው በቃ» አለች። ያዋ ግን ቀልድ የሚሰማ ጆሮ አልነበራትም።

ኬታ እንደ ተመለሰች በቀጥታ ወደ ኮምላ ሄደች። ግቢው ውስጥ፣ የኮኮነት ዛፉ ሥር፣ መረብ ጭኑ ላይ ዘርግቶ በጣቶቹ እየዳበሰ ይጠግናል። ግራ ዓይኑም ሞራ ጀምሮታል፤ ስለዚህ አሁን ከዓይኑ ይልቅ ጣቱ ነው የሚሠራው።

«ኤፎ ወንድሜ፣ የጥላሸቱንና የመብረቁን ነገር ለማን ነው የነገርከው?»

«ለአንቺ።»

«ሌላስ?»

«ለሲጾፌ። ሌላ ማን አለኝ?»

«አየህ! ነግራዋለች ማለት ነው። ሐኪሙን።» የሆነውን ሁሉ አወራችለት። ኮምላ መርፌውን መረቡ ላይ ሰካ።

«ያዋ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ?» አለ። «ያቺ ሴት ከዚህ ቤት ከወጣች ወዲህ ቀን ቆጥሬ አላውቅም። ግን አንቺ ስትመጪ ሁልጊዜ ስለ እሷ ነው የምታወሪው። የእኔን ቤት ለቃ ስትሄድ ያንቺን ቤት ነው የሞላችው።»

«አንተ የዋህ ስለሆንክ ነው።»

«ይሁን» አለና ወደ መረቡ ተመለሰ።

በማግስቱ ያዋ ለማንም ሳትናገር አንሎጋ ወረደች። ሐኪሙና ሲጾፌ የሚገናኙበትን ክር ራሷ ልትይዝ ነው የሄደችው። ሲጾፌን ያገኘቻት ከአሸዋው ላይ በተደለደሉት የሽንኩርት መደቦች መሃል፣ በባልዲ ውሃ ስትረጭ ነው። ከስታለች። ያዋን ስታይ ባልዲውን አስቀመጠች እንጂ አልደነገጠችም።

«ደህና መጡ፣ ዳቪ ያዋ» አለች፣ እንደ ታላቅ እህት በአክብሮት ጠርታት።

«አኮርሊ የሚባል ሐኪም ምንሽ ነው?»

«ሐኪም? ሐኪም አላውቅም።»

«የአንሎጋ ልጅ ነው።»

«አኮርሊ የሚባሉ እዚህ ከዚያች ቤተ ክርስቲያን እስከ መንገዱ ድረስ ናቸው። የትኛውን ላውቅልዎ?»

«ለማንም ያልተነገረ ነገር ያውቃል! ወንድሜ ጥላሸት ማየቱን፣ መብረቅ ማየቱን፣ መጋረጃውን። ካንቺ በቀር ማን ሊነግረው ይችላል?»

ሲጾፌ እጇን በጨርቋ አበሰች። ያን ጊዜ ነው ያዋ፣ ይህችን ሴት በዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀና ብላ ስታያት ያየችው።

«እኔስ ለማን ልነግር ፈልጌ ነበር?» አለች ሲጾፌ። «ለሐኪም አይደለም? ጥላሸት ዓይኔ ውስጥ ወረደ ያለኝ ዕለት፣ ቀዶ ሕክምናውን የሠሩት ሰዎች ‹እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ› ብለው ስለ ነበር፣ ልብሴን ለብሼ እሱንም አልብሼ በሩ ላይ ደርሰን ነበር። በሩ ላይ የቆመው ማን ነበር፣ ዳቪ?»

ያዋ ዓይኗን ወደ ሽንኩርቱ መደብ መለሰች።

«‹አክራ ወስደሽ የአባታችንን የሐይቁ ዳር ቦታ እንዲሰጥሽ ልታስፈርሚው ነው› ያለኝ ማን ነው? ‹የሆግቤጾጾ በዓል ይለፍ፣ ቤተ ዘመድ በሙሉ ይመጣል፣ ከዚያ ከእኛ ሰው ጋር ይሄዳል› ያለውስ? ዐሥራ አንድ ቀን ነበር ለበዓሉ የቀረው። በዘጠነኛው ቀን መጋረጃው ወረደ።»

«ጠርሙሱስ?» አለች ያዋ። ድምፅዋ ከአሰበችው በላይ ቀጥኖ ወጣ። «አሸዋ ውስጥ የቀበርሽው?»

«ሐኪሞቹ የሰጡን ጠብታ ነው። ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት አሉን። ፍሪጅ የለን። ከማድጋው ሥር ካለው አሸዋ ሌላ ምን ቀዝቃዛ ነገር ነበረን? ወረቀቱ በእርጥበቱ ተላጠ። ሆስፒታል ስትከለክሉኝ የተረፈችውን ጨመርኩለት። ሌላ ምን ነበረኝ? ውሃ ከመጨመር አይሻልም?»

«ይህን ሁሉ ያን ዕለት ለምን አልተናገርሽም?»

«ኮምላ የት እንደ ነበረ፣ ማን በሩ ላይ ቆሞ እንደ ከለከለን ያውቃል። እሱ አንገቱን ከደፋ እኔ ለማን ልናገር?» ባልዲዋን አነሣች። «ይኸው ነው። ውሃው ሳይሞቅ ልጨርስ።»

ያዋ ወደ መንገዱ ስትወጣ እግሯ አሸዋው ውስጥ እየሰመጠ ነበር። ውሸቷን ነው፣ አለች ለራሷ። ተዘጋጅታ ነው የጠበቀችኝ። ነገር ግን በሩ ላይ የቆመችውን ሴት ታስታውሳለች። ቢጫ ጨርቅ ነበር የለበሰችው፤ እጇን በሁለቱ መቃን ላይ ዘርግታ ነበር፤ ያቺ ሴት እሷው ራሷ ናት። ሌላ ሰው ቢሆን «ከልክዬ ነበር እንዴ?» ብሎ ራሱን ባታለለ። ያዋ ግን መጠርጠር የለመደች ሴት ናት፤ ልማዷም አሁን ወደ ራሷ ዞሮ አላስቀምጥ አላት።

ቢሆንም በአንድ ሰው ቃል የምትረታ አይደለችም። አክፔኔ ጋ ደወለች። «ሌላ ሐኪም ፈልጊልኝ። ከአንሎጋ ያልሆነ። ከኬታም ያልሆነ። የእኛን ቋንቋ የማይችል።»

አክፔኔ ሳቀች፣ ግን ፈለገች። በአክራ ሌላኛው ዳር ባለ ክሊኒክ አንዲት ሐኪም አገኙ። ከታማሌ፣ ከሰሜን የመጣች፣ ቁጡ፣ ሻሽ ያሰረች ትልቅ ሴት። ያዋ ስለ ወንድሟም፣ ስለ ወጣቱ ሐኪምም፣ ስለ ሌዘርም አንድ ቃል እንዳትተነፍስ ልጇን አስማለቻት። ሐኪሟ አየች፤ አልቸኮለችም። ጠርዝ ጠርዙን አየች። ከዚያ ጓንቷን አወለቀችና በአክፔኔ በኩል ተናገረች።

«እናትሽ ግራ ዓይኗ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ። ሞራውን ከማስወጣቷ በፊት በሌዘር ማስተኮስ አለባት። ከቤተሰብ ዓይኑ የተላቀቀበት ሰው አለ? ጥላሸት፣ መብረቅ፣ መጋረጃ አየሁ ያለ?»

ያዋ ልጇ እስክትተረጉም አልጠበቀችም፤ የሐኪሟ እጅ መጋረጃ ሲወርድ ሲያሳይ ገብቷታል። «ጠይቂያት» አለች፣ «አንሎጋ ዘመድ አላት?»

አክፔኔ አፈረች። ጠየቀቻት። ሐኪሟ «አንሎጋ የት ነው?» አለች።

ያዋ መውጫው ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። «ወደ ወጣቱ ሐኪም መልሺኝ» አለቻት ልጇን።

ወደ ወጣቱ ሐኪም ስትመለስ እሱ ምንም አልጠየቃትም። ሌዘሩ እንዳለው ነበር፤ አረንጓዴ ብርሃን ይመታል፣ አንዳንዱ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ያልፋል። ሁለቱንም ዓይኗን ሠራላት። ከአንድ ወር በኋላ የግራውን ሞራ ገፈፈ። ሌንሱ የቅርቡ እንዲሆን እሷው ወሰነች። ጨርቁ ሲነሣ ጀልባ አላየችም፤ የፈለገችውም ጀልባ አልነበረም። አንዲት ቀይ ጨሌ መዳፏ ላይ አስቀምጣ ቀዳዳዋን አየች።

«አሁን ዓይኔ ከአደጋ ዳነ ማለት ነው?» አለችው።

«አይደለም» አለ። ይህ መልሱ ነው እንድታምነው ያደረጋት፤ አታላይ ቢሆን «አዎ» ይል ነበር። «ሌዘሩ ያየሁትን ቦታ አጣብቋል። ሌላ ቦታ አይቀደድም ብዬ አልምልም። ዝልግልጉ ነገር ገና ቦታውን አለቀቀም፤ በዚህ ዓመት ወይም በሚቀጥለው ይለቃል። ሲለቅ ነው የሚያሰጋው። እኔ በየጊዜው አያለሁ። እርስዎ ግን አዲስ ጥላሸት ካዩ፣ ብልጭታ ካዩ፣ ነገ አይበሉ። በዚያው ቀን።»

ስለዚህ ያዋ ዓይኗን መጠርጠር ጀመረች። ጠዋት ስትነሣ አንዱን ሸፍና በአንዱ፣ ሌላውን ሸፍና በሌላው ነጩን ግድግዳ ታያለች። ዝንብ ባለፈ ቁጥር እውነተኛ ዝንብ መሆኑን ታጣራለች። ጎረቤቶቿ «ያዋ ከግድግዳ ጋር ተጣላች» እያሉ ይስቁባት ነበር።

በአራተኛው ወር፣ በገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በግራ ዓይኗ ዳር አንድ ብርሃን ብልጭ አለ። መስታወት ያበራው መሰላት። ዞር አለች፤ መስታወት የለም። እንደገና ብልጭ አለ። ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ተንሳፈፈ፤ ዓይኗን ስታንቀሳቅስ አብሯት ይሄዳል።

ፊቷ ተቀምጠው የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። የቶግቢ ዳጋዱ የልጅ ልጅ ቅዳሜ ታገባለች፤ የወገቧ ጨሌ ገና ግማሽ ነው። የሙሽራዋ አክስት «ዳቪ ያዋ፣ ቅዳሜን ብቻ እንለፈውና!» ብላ እጇን ያዘቻት። ያዋ ያቺን ቃል የት እንደ ሰማቻት አውቃለች፤ ከራሷ አፍ ነው የሰማቻት። እጇን አስለቀቀች፣ ጨሌውን እንደ ተሰካ ለአክስቲቱ ሰጠቻትና ወደ መናኸሪያው ሄደች።

ማታ ከመሆኑ በፊት ዶክተር ኤዴም ዓይኗን እያየ ነበር። «አዲስ ቅዳጅ ነው» አለ። «ትንሽ ናት፣ የፈረስ ኮቴ ትመስላለች። ውሃ ገና አልገባባትም። አሁኑኑ እንተኩሳታለን።» ሲጨርስ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። «ሦስት አራት ቀን ቢቆዩ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው፣ ማማ።»

«ዘጠኝ ቀን ብቆይስ?»

ሐኪሙ ጥያቄው ስለ ማን እንደሆነ ገባው። «ሁለት ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ ያንን ዓይን መመለስ ከባድ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የቀረችው ዓይኑ ናት የምታሳስበኝ። አንዱ የተላቀቀበት ሰው፣ ሌላውም እንዲሁ ሊሆንበት ይችላል። ሞራውን ማንም ሳይነካው ያምጡልኝ ብዬ ልለምንዎ።»

ኮምላን ግን ማምጣት ቀላል አልሆነም። «አልሄድም» አለ። «መጀመሪያ ጊዜ ሊወስደኝ የፈለገ ሰው ነበር። ያ ሰው ካልወሰደኝ አልሄድም። እዚሁ ልጨልም።» ቀጥሎ፣ እሷን ሳያይ፣ «አንገቴን የደፋሁት እኔ ነኝ፣ ያዋ። አንቺን ብቻ አልወቅስም» አለ።

ያዋ ቤተ ዘመዱን ሰበሰበች። ያው ግቢ፣ ያው ሰዎች ናቸው። ቶግቢ ዳጋዱ «ደግሞ ማን ምን ሠራ?» አሉ ሲቀመጡ፤ ሰዎቹ ሳቁ። ያዋ አልሳቀችም። ቆማ፣ የጠርሙሱን ነገር ተናገረች። ወረቀቱ እንዴት እንደ ተላጠ ተናገረች። በሩ ላይ ማን እጁን ዘርግቶ እንደ ቆመ ተናገረች። ሳቁ ቆመ። አንዲት የአጎቷ ልጅ «ታዲያ እኛን ምን አድርጉ ብለሽ ነው ያን ጊዜ የጠራሽን?» ስትላት ያዋ «አሁን የጠራኋችሁ ሲጾፌን እንድትለምኑልኝ ነው» አለች። ቶግቢ ዳጋዱ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ራሳቸው አንሎጋ ወረዱ።

ሲጾፌ የመጣችው በሳምንቱ ነው። ኬታ ቤት አልገባችም፤ መናኸሪያው ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ኮምላን በክንዱ ይዛ ከጎኗ አስቀመጠችው። ያዋ ከኋላቸው ተቀመጠች። እስከ አክራ ድረስ የሁለቱን ጀርባ ስታይ ሄደች፤ ሲያወሩ ይሰማታል፣ የሚሉት ግን አይሰማትም።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ወረፋው ረዘመ። ያዋ በቅጠል የተጠቀለለ አቦሎ የሚባል የበቆሎ ኅብስትና የተጠበሰ ዓሣ አውጥታ ለሲጾፌ ዘረጋችላት። «ብዪ፣ ጠዋት አልበላሽም።»

ሲጾፌ ምግቡን አየች፤ ከዚያ ያዋን አየች።

«እርስዎ አስቀድመው ይቅመሱት፣ ዳቪ» አለች።

 ያዋ የሴቲቱን ዓይን አየች፤ ቀልድ ፍለጋ አየች፤ ቀልድ የለበትም። ከአቦሎው ቆረሰች፣ ከዓሣውም ቆረሰች፣ አኝካ ዋጠች። ሲጾፌ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ቅጠሉን ተቀበለቻትና ለኮምላ መጀመሪያ ቆርሳ ሰጠችው።

ዶክተር ኤዴም የኮምላ ግራ ዓይን ላይ ሦስት የሳሳ ቦታ አገኘ። ሁሉንም ተኮሰ። ሞራው በወሩ ወጣ። ኮምላ እንደ እህቱ ቅርቡን አልመረጠም፤ ሩቁን ነው የፈለገው። «መረቡን ጣቴ ያውቀዋል» አለ። ሲወጣ ጠብታው የሚጨመርበትን ሰዓት፣ በየትኛው ቀን ለምርመራ እንደሚመለስ፣ ምን ካየ ወዲያው እንደሚመጣ ሐኪሙ የነገረው ለሲጾፌ ነው። እሷም እያንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

ኬታ አልተመለሱም። ኮምላ መረቡን ጠቅልሎ አንሎጋ፣ ሚስቱ ቤት ገባ። ያዋ እሑድ እሑድ ትሄዳለች። ሲጾፌ ግቢው ውስጥ በርጩማ ታወጣላታለች፣ ውሃ ትሰጣታለች፣ «ደህና ነዎት ወይ?» ትላታለች። «ቤት ይግቡ» አላለቻትም፤ ያዋም አልጠየቀችም። ባለፈው እሑድ ግን ስትነሣ ሲጾፌ ከመደቡ የነቀለችውን አንድ እቅፍ ሽንኩርት ሰጠቻት። ያዋ ሚኒባሱ ውስጥ ሽንኩርቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ለምን ሰጠችኝ እያለች እስከ ኬታ ድረስ አሰበች።